የማታ ትምህርት ጀምረናል፤ አስተማሪዎቹን ማን ያሠልጥንልን? ማንስ ይክፈልልን?

ጥያቄው ከጅማ ነው፤ የጻፉልን የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «በእድራችን አዳራሽ ማታ ማታ ለ42 ጎልማሶች ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ እናስተምራለን። ከጀመርን አምስት ወር ሆነን። አስተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች፣ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁሉም በነጻ ነው የሚያስተምሩት። አሁን አንዱ ወጣት ሥራ አግኝቶ ሊሄድብን ነው። ለአስተማሪዎች ሥልጠና የሚሰጠው ማን ነው? የሚከፈላቸውስ ከየት ይገኛል? አንድ ድርጅት ፕሮፖዛል ጻፉ ብሎናል። ወንበርና መጽሐፍ ልንጠይቅ አስበናል። ምን ይሉናል?»

ወንበሩን ለጊዜው ተዉት። መጽሐፉንም እንደዚያው። ፕሮፖዛሉ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የአስተማሪዎቹ ሰዓት ነው።

አመቻቾችን ሳሠለጥን 15 ዓመት ገደማ ሆኖኛል። (በእኛ ሙያ የጎልማሶች አስተማሪ «አመቻች» ነው የሚባለው፤ ቃሉን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ስለምትሰሙት ከወዲሁ ልመዱት።) ዛፍ ሥር፣ መስጊድ ግቢ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ሲማሩ አይቻለሁ። ወንበር አጥቶ የተዘጋ ጣቢያ አላየሁም። ጣቢያ የሚዘጋው አመቻቹ ሲሄድ ነው። አመቻቹ የሚሄደው ደግሞ እንደ እናንተው ልጅ ሥራ ሲያገኝ ነው። አይፈረድበትም።

በፈረንጆቹ 2005 ግሎባል ካምፔይን ፎር ኤዱኬሽን የተባለው ኅብረት አክሽንኤይድ ከሚባለው የርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ለጎልማሶች ትምህርት 12 መለኪያዎች አውጥቶ ነበር። ሕግ አይደሉም። ግን ከለጋሽ ጋር ስትነጋገሩ መነሻ ይሆኗችኋል። አመቻች ቢያንስ በአንደኛ ደረጃ መምህር ዝቅተኛ ደመወዝ ልክ ይከፈለው ይላሉ። ያውም ክፍል ለገባበት ብቻ ሳይሆን ለዝግጅቱም፣ ለሥልጠናውም፣ ለክትትሉም። አንድ አመቻች ከ30 ተማሪ በላይ አይያዝ፣ ለ15 ቡድን አንድ ተቆጣጣሪ ይኑር ይላሉ። ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ50 እስከ 100 ዶላር፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይያዝ ይላሉ። መንግሥታት ደግሞ ከትምህርት በጀታቸው ቢያንስ 3 በመቶውን ለዚህ ይመድቡ።

እስቲ በእናንተ ቁጥር እናስላው። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በማታ ሁለት ሰዓት ብንል 6 ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ማታ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ጨምሩ፤ 9 ሆነ። ሦስቱ አመቻቾች በሳምንት አንድ ሰዓት ተገናኝተው «የትኛው ትምህርት ሄደልን፣ የትኛው አልሄደልንም» የሚባባሉበት ይኑር። 10 ሰዓት። የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሳምንት 39 ሰዓት ነው። አንድ አመቻች የሠራው ሩቡን ያህል ማለት ነው። ሦስቱ ተደምረው የአንድ ጀማሪ መምህር ደመወዝ አይሞሉም!

ይኼን ስነግራቸው ብዙ ኮሚቴዎች ይደነግጣሉ። ሲፈሩት የነበረው በጀት ያን ያህል አይደለም። ተሰልቶ ስለማያውቅ ነው ትልቅ የመሰለው።

የጀማሪ መምህርን ደመወዝ ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁና በሩብ አስሉት። ያ ቁጥር የፕሮፖዛላችሁ የመጀመሪያ መስመር ይሁን። «የበጎ ፈቃደኞች ማበረታቻ» ብላችሁ ግን አትጻፉት። ማበረታቻ የሚባል ነገር በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። «የአመቻች ክፍያ» በሉት፣ ሰዓቱንም ዘርዝሩት።

አሁን ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነው፤ እናንተ የምትሠሩትም በይዘቱ ያው ነው። ጣቢያችሁ እንዲመዘገብ፣ 42ቱ ሰዎች በሪፖርታቸው እንዲቆጠሩ ጠይቁ። ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ የሚሞላበት ቁጥር ያገኛል፤ እናንተ ደግሞ የመማሪያ ጽሑፍ፣ የሚጎበኛችሁ ባለሙያ፣ ከተሳካም የአመቻች ክፍያ ታገኛላችሁ። ጊዜውን ግን እወቁበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ላይ የሄደ ሰው «ዘንድሮ አልተያዘም፣ ለከርሞ እናየዋለን» ተብሎ ነው የሚመለሰው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሂዱ፣ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቁጥሩን ያዙ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ሊጎድል ይችላል። ከትምህርት በጀት አብዛኛውን የመደበኛ መምህራን ደመወዝ ይወስደዋል። የጎልማሶች ትምህርት እንደ እንጀራ ልጅ የተረፈውን ነው የሚጠብቀው።

ወደ ድርጅቱ ስንመጣ ሁለት ነገር ልብ በሉ። እድር በ1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የሚመዘገብ ድርጅት አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ በእናንተ ስም ላይመጣ ይችላል። ወይ ድርጅቱ ራሱ ፕሮጀክቱን ይዞ እናንተ አስፈጻሚ ትሆናላችሁ፣ ወይ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይሄዳል። የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ማን፣ ለማን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በአዋጁ መሠረት የድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አንዳንድ የፕሮጀክት ሰዎች ይኼን ይዘው «ደመወዝ አንደግፍም» ይሏችኋል። ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው ክፍያ ግን የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ነው፤ የቢሮ ወጪ አይደለም። የአመቻቾች ሥልጠናም እንደዚያው። በትሕትና አስረዷቸው።

የቡና ገንዘብም አለ። እናንተ ከተማ ውስጥ ስለሆናችሁ በቀጥታ ላይደርሳችሁ ይችላል። ጎማና ሊሙ አካባቢ ሆነው ለሚያነቡኝ ግን ይጠቅማል። የፌርትሬድ (ለገበሬው ፍትሐዊ ዋጋ ይከፈል የሚል የንግድ ሥርዓት ነው) ማረጋገጫ ያለው የቡና ገበሬዎች ማኅበር በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ከዚያ ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርታማነትና ለጥራት ይውላል። የቀረውን በምን ላይ እንደሚያውሉት አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ወይ ድልድይ ይሠሩበታል። አንድ አባል ተነስቶ «እኛስ የሚዛኑን ወረቀት ማንበብ የለብንም ወይ?» ቢል ግን የሚከለክለው የለም።

የራሳችሁን እድርም አትናቁት። 300 አባል በወር 10 ብር ቢጨምር 3,000 ብር ነው። ለሦስት ሰው አይበቃም፤ ግን ለጋሽ ፊት «እኛ ይኼን ይዘናል፣ እናንተ ይኼን ሙሉልን» ማለት ያስችላል። ከተማሪዎቹ ግን አታስከፍሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይግዙ፣ በቃ።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኝ ሆኜ ተጠርቼ ነበር። አዘጋጁን አልጠራም። አምስት ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ውሎ አበል፣ ሻይ ከኬክ ጋር። እኔም ፓወርፖይንቴን ይዤ ስለ ጎልማሳ ሥነ ልቦና ስደሰኩር ሰነበትኩ። ከአራት ወር በኋላ በራሴ ጊዜ ከሠልጣኞቹ አንዱ ጋ ሄድኩ። ስድስት ልጅ የወለደች እናት ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ «ድገሚ!» እያለ ነበር። ልጁ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። የተማረበት መንገድ እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ መንገድ አላሳየሁትም፤ አወራሁለት እንጂ። ከዚያ ወዲህ የአምስት ቀን ሥልጠና ብቻውን ከሆነ ጥሪ አልቀበልም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ወይ አራት ቀን። ከዚያ በየወሩ አንድ ቅዳሜ። በመሃል አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ ከኋላ ይቀመጣል፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ማታውን ማን ብዙ አወራ፣ አስተማሪው ወይስ ተማሪዎቹ? አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አለ? ወጪው ከሆቴሉ ሥልጠና በብዙ ያንሳል።

ማን ያሠልጥን? የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ አንድ ናቸው። የጅማ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አጠገባችሁ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍልም መጠየቅ አያሳፍርም። ከልጆቹ አንዱ ይኼን ሙያ ልያዘው ካለ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጎልማሶች ትምህርትና ማኅበረሰብ ልማት ያስተምራል። ዲቪቪ ኢንተርናሽናል የተባለው የጀርመን ድርጅት አገራችን ውስጥ በዚሁ ዘርፍ ቆይቷል፤ በአብዛኛው ከመንግሥት ጋር ስለሚሠራ መግቢያችሁ አሁንም ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ማንም ቢመጣ ግን «ምን ልታሠለጥኑልን ነው?» በሉ። ጅማ ላይ ሳይነኩ መታለፍ የሌለባቸው የምላቸው እነዚህ ናቸው።

ሒሳቡ አንድ ነው። ጎልማሳ ሒሳብ አያውቅም ብሎ የሚጀምር አስተማሪ ከመጀመሪያው ተሳስቷል። መርካቶ ቡና የምትሸጥ ሴት ውሰዱ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ኪሎው 85 ብር ቢሆን አንድ ፈረሱላ ስንት ነው በሏት። ወረቀት አትፈልግም። «የአሥሩ 850፣ የአምስቱ ግማሹ 425፣ የሁለቱ 170፤ 1,445» ትላችኋለች። እናንተ ስልክ እያወጣችሁ እሷ ጨርሳለች። አመቻቹ መሠልጠን ያለበት ይኼን ሰምቶ፣ እሷ እንዳለችው በሦስት መስመር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። የራሷን ሐሳብ ተጽፎ ስታይ የቁጥር ቤት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባታል። ከ1 እስከ 100 ቁጠሪ ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን በሁለተኛው ሳምንት አታገኟትም።

የሚቸግራት ሌላ ነው። የሚዛን ንባብ ነው፤ የነጥብ ቁጥር ነው። የቴሌብር መልእክት ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመጣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት የላክሁት እንዴት 20 ሰዓት ይላል?» ብላ ብሯ የጠፋ ይመስላታል። የወለድ ነገርም አለ። «በመቶ 3» ሲባል በወር ነው በዓመት? ለዚህ ለዚህ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ብታውሉ አልበዛም።

ቀጥሎ ፊደሉ። ይኼን ከሌላ ቦታ የመጣ አሠልጣኝ አያስተውለውም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በ15 ቋንቋ ተሰጥቷል፤ በ1980 በፈረንጆቹ ዩኔስኮ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ያኔ ኦሮምኛውም የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ዛሬ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ነው። ስለዚህ ክፍላችሁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ሊኖር ይችላል። በዘመቻው ፊደል ቆጥሮ የረሳ፣ በቁርኣን ቤት ዐረብኛ ፊደል የሚያነብ፣ ምንም ያልነካ። ሦስቱንም «መሃይም» ብሎ አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው። የመጀመሪያው ማታ ላይ ጠይቋቸው። ዐረብኛ የሚያነቡት አባት ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ያውቃሉ፤ ግማሹን መንገድ ሄደውታል።

በየትኛው ፊደል ይማሩ ለሚለው መልሱ የተማሪው ነው። ማንበብ በሚናገሩት ቋንቋ ይጀመራል። ቤታቸው ኦሮምኛ ከሆነ በቁቤ፣ አማርኛ ከሆነ በፊደል። አመቻቹ ግን የሁለቱን ልዩነት መሠልጠን አለበት። ፊደላችን ሆሄው ብዙ ነው፤ 33 በ7፣ 231። ግን አንዱ ሆሄ አንድ ሙሉ ቀለም ስለሆነ ሰው ቶሎ ቃል ያነባል። ቁቤ ፊደሉ ጥቂት ነው፤ ማጣመሩ ነው ጊዜ የሚወስደው። ድምፁ ሲጠብቅ ደግሞ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በግእዝ ፊደል «በዳ» ብለን የምንጽፈው ላልቶ ሲነበብ በኦሮምኛ «መጥፎ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ደጋ» ነው። ቁቤ ለይቶ ያሳያል፤ ፊደላችን አያሳይም። በፊደል የለመዱት ሰዎች ቁቤ ሲጽፉ የሚስቱት ይኼን ነው። ይኼን ያላወቀ አስተማሪ ስንፍና ይመስለዋል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። አዎ፣ ዓይን! ከ40 ዓመት ወዲያ የቅርብ ነገር መደብዘዙ የማንም ዕጣ ነው። ማታ፣ በደካማ መብራት፣ በእርሳስ በተጻፈ ደብተር ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «አልገባኝም» ከሚሉት ውስጥ ስንቶቹ ያልታያቸው እንደሆኑ ብታዩ ትገረማላችሁ። የአየር ሰዓት ካርድ ወይ የመድኃኒት ማሸጊያ ስጧቸውና ጽሑፉን ለማየት እጃቸውን ወደፊት ሲዘረጉ ተመልከቱ። የዘረጋ ሰው መነጽር ይፈልጋል። ለንባብ የሚሆን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መነጽር አለ። ዓይኑ የታመመ ከመሰላችሁ ወደ ሆስፒታል ላኩት። ከወንበር ይልቅ ፕሮፖዛላችሁ ላይ 15 መነጽር ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

የጊዜ ሰሌዳውን በአጭሩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ ከተማም ቢሆን ብዙ ሰው ዘመድ ጋ ይወርዳል፣ ወይ በቀን ሥራ ይጠመዳል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በአፍጥርና በተራዊህ ሰዓት ክፍል ከፍታችሁ «ተማሪ ቀነሰ» አትበሉ። በለቀማው ወራት በሳምንት አንድ ማታ፣ በረመዳን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዙሩት። ዓመታዊ ሰዓቱ ካልጎደለ ለጋሹ አይጨቀጭቃችሁም። በፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድማችሁ ከጻፋችሁት ጭራሽ አካባቢውን እንደምታውቁ ይቆጠርላችኋል።

ስለሚሄደው ልጅ። ልቀቁት፣ ግን እንዲሁ አይሂድ። የሚተካው ሰው ለአንድ ወር ከጎኑ ሆኖ ይይ። ከቻላችሁ ተተኪው ሴት ትሁን። ከ42ቱ ስንቱ ሴት እንደሆኑ አልነገራችሁንም፤ የማታ ክፍል ከሆነ ግን ብዙኀኑ እነሱ ቢሆኑ አይገርመኝም። ባሏ «ከወንድ አስተማሪ ጋር እስከዚህ ሰዓት» የሚላት ሴት እንዳለችም እገምታለሁ።

የጡረተኛውን መምህር ጉዳይ በመጨረሻ ያመጣሁት ስለሚከብድ ነው። በግልጽ ባትጽፉትም በመስመሩ መሃል ይነበባል፤ ወጣቶቹ ይፈሯቸዋል አይደል? 30 ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሥነ ዘዴውን ከሁላችን በላይ ያውቁታል፤ ግን ለልጅ። ጎልማሳው ሲሳሳት ጠረጴዛ መምታት ይመጣባቸዋል። «ልጆች ዝም በሉ» ሊያመልጣቸው ይችላል። በስብሰባ እንዳትገሥጿቸው። እንዲህ አድርጉ፦ የወሩን ቅዳሜ እሳቸው ይምሩ። ወጣቶቹን ዝግጅት ያስተምሯቸው፤ ዕለታዊ ዕቅድ አወጣጥ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ ጥያቄ አጠያየቅ። ከዚያ ያቺን ቡና ነጋዴ እንግዳ አድርጋችሁ ጥሩና ስለ ፈረሱላ ለጡረተኛው መምህር ታስረዳቸው። እሳቸው ጠመኔውን ይዘው ይጻፉ። እኔ ያን ቅዳሜ ቢጠሩኝ ያለ ውሎ አበል እመጣለሁ።